ድስት ያለው ፖኬሞን፦ ከእህቴ ልጅ ጋር ያሳለፍነው ክረምት

ፖኬሞን የሚባለውን፣ ልዩ ልዩ ፍጡራን እየያዙ የሚያዋጉበትን የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ በልጅነታቸው ተጫውተው ያደጉ፣ ዛሬ ደግሞ ልጅ፣ ታናሽ ወንድም ወይም የእህት ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «እኔም ልሞክር» የሚላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ልጁን በየትኛው ጨዋታ ላስጀምረው ይሉኛል። ብዙዎቹ ግን ሲጠይቁኝ መልሱን ራሳቸው ወስነው ጨርሰዋል። ቀለል ተደርገው የተሠሩት ጨዋታዎች ልጁን ያሰንፉታል፣ የዋናውን ጣዕም ሳያውቅ ያስቀሩታል ብለው ያምናሉ። እኔም እንደዚያው አምን ነበር። በ2010 ዓ.ም. ክረምት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሆነውን የምጽፈው፣ ያ እምነቴ የቱ ላይ ልክ እንደነበረና የቱ ላይ እንዳሳሳተኝ ለይቼ ብናገር፣ ከእኔ በኋላ ለሚያስጀምር ሰው መንገድ ያሳጥርለታል በሚል ነው።

እኔ ፖኬሞንን ያወቅሁት ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ስንኖር ነው፤ ከዱባይ ለእረፍት የመጣ የአክስቴ ልጅ ጌም ቦይ ከለር የሚባለውን የእጅ መጫወቻ ከነቢጫው የፖኬሞን ካሴት ትቶልኝ ሄደ። ቢጫው እትም በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሲሆን ተጫዋቹ የሚጀምረው ፒካቹን ይዞ ነው። ፒካቹ የኤሌክትሪክ ዓይነት ነው፤ ለማለፍ መሸነፍ ያለበት የመጀመሪያው ተጋጣሚ፣ የጂም መሪው ብሮክ፣ የሚያሰልፋቸው ግን ድንጋይነትንና መሬትነትን የያዙ ስለሆኑ ኤሌክትሪክ ቅንጣት አይነካቸውም። ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ እንግሊዝኛዬም ከሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ አያልፍም። ስለዚህ የክረምቱን ግማሽ ብሮክ ፊት ቆሜ ስሸነፍ ከረምሁ። መሣሪያው የሚሠራው በሁለት ድንጋይ ነበርና ድንጋዩ ባለቀ ቁጥር እናቴን ሳንቲም እለምናለሁ፤ ድንጋይ ለመርታት ድንጋይ ስገዛ ኖርሁ ማለት ነው። በመጨረሻ ያሻገረችኝ ከጫካው የያዝኋት አባጨጓሬ ናት፤ ደረጃ 7 ላይ ዛጎል ለበሰች፣ ደረጃ 10 ላይ ቢራቢሮ ሆና ወጣች፣ ብሮክንም እሷ አሸነፈችልኝ። ያን ቀን ሰፈሩን በሩጫ የዞርሁትን እስካሁን አስታውሳለሁ። በኋላ ቀላል የተባለ ጨዋታ ሁሉ ሲያናድደኝ የኖረው በዚያች ቢራቢሮ ምክንያት ይመስለኛል።

ጓደኞቼም ከእኔ የሚሻሉ አልነበሩም። ከብሎካችን ሥር ባለችው የጀበና ቡና ቤት ማታ ማታ የምንሰበሰብ አራት ነን፤ አንዱ የሂሳብ መምህር፣ አንዱ ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ አንዱ ስልክ ጠጋኝ፣ አራተኛው እኔ። ሁላችንም ወደ ሠላሳ ተጠግተን የነበረ ሲሆን ስለ ፖኬሞን ስንከራከር የሚሰማ ሰው ስለ ዘመድ ርስት የምንጣላ ይመስለው ነበር። ግንቦት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. የፖኬሞን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሱኔካዙ ኢሺሃራ ቶኪዮ ላይ መግለጫ ሲሰጡ ሦስት ነገር ሰማን። ፖኬሞን ክዌስት የሚባል በነጻ የሚጀመር ጨዋታ በዚያው ዕለት ኒንቴንዶ ስዊች ለሚባለው መጫወቻ መሣሪያ ወጣ። በቢጫው እትም ላይ የተመሠረቱት ሌትስ ጎ ፒካቹና ሌትስ ጎ ኢቪ ለኅዳር 2011 ዓ.ም. ተቀጠሩ። እኛ የምንጠብቀውን የዋናውን ተከታታይ አዲስ ጨዋታ ግን እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ ታገሡ ተባልን። ክዌስት ለስልክ የደረሰው በዚያው ሰኔ ነው፤ ስዊች የሌለን እኛም ያኔ አየነው።

ስልክ ጠጋኙ ሥዕሉን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን። ፖኬሞኖቹ ሁሉ አራት ማዕዘን ሆነዋል፤ ጨዋታው የሚካሄድባት ደሴት ዛፍና ድንጋይም እንዲሁ። «ፒካቹን እንደ ልብስ ሳሙና ቆርጠውታል» አለ። ማተሚያ ቤት የሚሠራው ሥዕሉ ሙያ እንዳለበት ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማንም አልሰማውም። የሂሳብ መምህሩ ትንሽ ከነካካው በኋላ ስልኩን ገፋ አደረገና «የሚሄደው ራሱ፣ የሚማታው ራሱ፤ እኛ የተጠራነው ልናጨበጭብ ነው?» አለ። በዚያ ምሽት የተባለውን ሁሉ ብሰበስበው ነገሩ ከጨዋታው ይልቅ ወደ ቅያሜ ያደላ ነበር፤ ድግስ ተጠርቶ ቆሎ የተዘገነለት እንግዳ ቅያሜ። ውጭ አገር ያሉ አፍቃሪዎችም በጊዜው የሚሉት ከእኛ ብዙ የራቀ አልነበረም። ግማሹ ደስ የሚል ማሳለፊያ ነው ይላል፤ ግማሹ ጨዋታ ለመባል አይበቃም ይላል፤ ሁለቱም ወገን ግን መልሶ መላልሶ ያንኑ ሥራ የሚያሠራ መሆኑን አይክድም።

ቅሬታው ባዶ እንዳልነበረ መመስከር አለብኝ። በዋናው ጨዋታ አንድ ፖኬሞን እስከ አራት ምት ይይዛል፤ ክዌስት ላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። መከላከል፣ ፍጥነት፣ ልዩ ጥቃት እየተባለ የሚዘረዘረው ችሎታ እዚህ ጤናና ጥቃት ወደሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ወርዷል። ከሁሉ የሚከብደው፣ ውኃ እሳትን፣ እሳት ቅጠልን፣ ቅጠል ውኃን ይረታል የሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ጨዋታው ሁሉ የቆመበት ምሰሶ፣ እዚህ አለመኖሩ ነው፤ በምትኩ እያንዳንዱ የደሴቲቱ ክፍል የሚያበረታታው አንድ ዓይነት አለ፤ እሱን ይዞ የገባ ተጨማሪ ጉልበት ያገኛል። ሦስት ሆነው የሚዘምቱት ፖኬሞኖች መንገዳቸውን ራሳቸው ያውቁታል። ተጫዋቹ የሚቀርለት ምቱን በጊዜው መንካትና ጥቃቱ ሲበዛባቸው ተበተኑ የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው፤ አውቶ የሚለውን ከነካ ደግሞ ከዚህም ያርፋል። ያሉትም የመጀመሪያዎቹ 151 ብቻ ናቸው። እኔ ጨዋታውን ስልኬ ላይ የጫንሁት ወድጄው ሳይሆን ለክርክሩ ማስረጃ ልሰበስብበት ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

በሐምሌ የእህቴ ልጅ ሊከርም መጣ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንደኛ ክፍልን ጨርሷል። እህቴ ሥራ ስላለባት ቀን ቀን የሚውለው ከእናቴ ጋር ነው፤ እኔ ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፌ የምደርሰው ሲመሽ ነው። አባዶ በክረምት እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉሙ እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል፤ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ልጆች ከብሎኩ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ይሮጣሉ። የእህቴ ልጅ ከእነሱ ጋር ሄዶ ጢንዚዛ ይዞ ይመጣል፤ እግሯን በክር ያስርና በረንዳው ላይ ያበርራታል፤ የማንኛችን ትበልጣለች እየተባባሉ ይለካካሉ፤ ካልሰጠኸኝ አልሰጥህም እያሉ ይለዋወጣሉ። ፖኬሞንን የፈጠሩት ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነታቸው ከቶኪዮ ዳር ነፍሳት ሲሰበስቡ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጨዋታውም የተወለደው ከዚያ ፍቅር ነው። ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመት አውቀው ነበር፤ በረንዳዬ ላይ እስካየው ድረስ ግን ሐሳቤ ውስጥ አልገባም ነበር።

ስልኬን የነጠቀኝ በአንድ መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። ጨዋታው ሲጀመር ከአምስት አንዱን ያስመርጣል፤ ፒካቹ፣ ኢቪ፣ በልባሶር፣ ቻርማንደርና ስኩዊርትል። ኤሊው ደስ አለውና ስኩዊርትልን ወሰደ። እኔ በትዕግሥት አልባ አስተማሪ ድምፅ ይሄ የውኃ ዓይነት ነው፣ እሳትን ያጠፋል ብዬ ማብራራት ስጀምር እሱ የፖኬሞኖቹ ማረፊያ በሆነው ሰፈር መሐል የተቀመጠውን ድስት አሳየኝ። ክዌስት ላይ ፖኬሞን የሚገኘው በኳስ በመያዝ ሳይሆን ምግብ ሠርቶ በመጥራት ነው፤ ከዘመቻ የተለቀሙትን እንጉዳይ፣ ፍሬ፣ ሥር፣ ማርና ድንጋይ በአምስት ቦታ ድስቱ ላይ ይጨምሩና ይጥዳሉ፤ ጥቂት ዘመቻ ተዘምቶ ሲመለስ ወጡ ይደርሳል፤ ሽታው የሳበው ፖኬሞን ወደ ሰፈር ይመጣል። ቀይ ነገር የበዛበት ቀይ ወጥ ቀይ ቀይ የሆኑትን ይጠራል፤ ቢጫው ቢጫዎቹን፤ ሰማያዊው ሰማያዊዎቹን።

እናቴ ከሰሉን እያራገበች ታዳምጣለች። «ምንድን ነው የጣደው?» አለችኝ። ልጁ ራሱ መለሰላት፤ እንጉዳይና ማር ነው አላት። «እንጉዳይ ከማር ጋር? ማን የሚበላው ነው?» አለች። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሁለቱ በምን ላይ ምን እንደሚጨመር ሲመካከሩ ያመሹ ጀመር፤ እናቴ ስለ ፖኬሞን የምታውቀው ነገር የለም፤ ስለ ድስት ግን ከአራታችንም ትበልጣለች። ማሩን አታባክን፣ ለትልቅ ቀን አስቀምጠው የሚለው ምክሯ በጨዋታውም ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ማሩ ከተራው ቢጫ ፍሬ የሚበልጥ ብርቅ ግብዓት ነውና። የጓደኞቼን «ይህ ጨዋታ አይደለም» የሚል ፍርድ መጠራጠር የጀመርሁት እዚህ ላይ ነው። እኛ ተጫዋቹ የሚወስነው ነገር ተወሰደበት ብለን ነበር፤ ልጁ ግን ውሳኔው ከጦር ሜዳው ወደ ጓዳው እንደተዛወረ በአንድ ምሽት አገኘው።

ለሚያስጀምር ሰው የመጀመሪያው ምክሬ ከዚህ ይነሣል። ዘመቻው ላይ አፍጥጠው እዚህ ንካ፣ እዚያ ንካ አይበሉት፤ እዚያ ብዙ የሚነገር ነገር የለም። ድስቱ ጋ አብረውት ይቀመጡና ምን እንደጨመረና ማን እንደመጣ በደብተር እንዲጽፍ ያድርጉት። የእኛ ልጅ ከደብተሩ ኋላ አንድ ገጽ ሙሉ ሞልቶ ነበር፤ እንግሊዝኛውን ስለማያነበው ግብዓቶቹን በቀለማቸው ይሥላቸዋል፤ የመጣውን ፖኬሞን ስም በአማርኛ እንደሰማው ይጽፈዋል። ፊደል የተለማመደው እዚያ ላይ ነው ብል እህቴ አትቃወመኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ባትሪው ነው፤ የስልኩን ሳይሆን የጨዋታውን። ዘመቻ መውጣት ከባትሪው አንድ ይቀንሳል፤ የሚይዘው አምስት ነው፤ አንዱ ተመልሶ የሚሞላው በግማሽ ሰዓት ነው። ትኬት ያለው ወዲያው ሊያስሞላ ይችላል፤ ትኬት በየቀኑ በነጻ 50 ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የፈለገ በገንዘብ የሚሸጡ ጥቅሎች አሉ። አፍቃሪዎችን ሁሉ ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የሂሳብ መምህሩ ጓደኛዬ ተጫዋቹን ደጅ ማስጠናት ብሎ ነበር የጠራው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን አምስቱ ሲያልቁ «በቃ» የሚለው ጨዋታው ራሱ ስለሆነ ከአጎት ጋር ጠብ የለም፤ ለዘመቻ ደግሞ ዳታ ከፍቶ ማቆየት አላስፈለገንም። በእኛ ቤት ስልኩ ላይ የገባ የክፍያ ካርድ ስላልነበረ የመግዛት ፈተና አልደረሰብንም፤ ያለበት ሰው ግን ስልኩን ለልጅ ከመስጠቱ በፊት በይለፍ ቃል ይዝጋው። ዕለታዊዎቹን ትኬቶች ለባትሪ ከማጥፋት ይልቅ ለሰፈሩ ማስጌጫ ማጠራቀሙን እመክራለሁ፤ ማስጌጫው እያደር ከዘመቻ የሚገኘውን ያበዛል፤ ልጁም አጠራቅሞ መግዛትን ይለምዳል።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። በነሐሴ አጋማሽ ከቢጫ ወጥ አንድ ሳይዳክ መጣለት። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ የያዘ፣ ሁልጊዜ ግራ የገባው ቢጫ ዳክዬ ነው። የእህቴ ልጅ «ዳክዬው» ብሎ ሰየመው፤ ጠንካራ ባይሆንም ከቡድኑ አያወጣውም፤ ማታ ስልኩን ሲመልስልኝ እንኳ ደኅና ሁን ይለዋል። አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳለሁ እናቴ ደወለች። «ልጁ ያለቅሳል፤ ዳክዬው ሄደ ይላል፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም» አለች። ማታ ስደርስ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ክዌስት ላይ አንድን ፖኬሞን ለማሠልጠን ሌሎች ፖኬሞኖችን በአጋዥነት ማስገባት ያስፈልጋል፤ ሥልጠናው ሲያበቃ የሠለጠነው ደረጃው ይጨምራል፤ አጋዦቹ ግን ከሰፈሩ ለቀው ይሄዳሉ፤ አይመለሱም። ልጁ የመሰለው ዳክዬው ኤሊውን እንዲያስተምርለት ነው። የመጣለትን የእንግሊዝኛ ጥያቄ እንደ ሁልጊዜው እሺ ብሎ አለፈው።

«ጋሼ፣ አስጠራልኝ» አለኝ። ሊጠራ እንደማይችል ነገርሁት። ያን ሳምንት ድስቱን ቢጫ በቢጫ አድርገን ደጋግመን ጣድን፤ ማሩም አለቀ፤ በስንት ጥረት ሌላ ሳይዳክ መጣ። ልጁ ብዙ ካየው በኋላ «ይሄ ሌላ ነው» አለና ስልኩን አስቀመጠው።

ይህን ቡና ቤት ወስጄ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀለደ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ሰኔን ሙሉ ቀለለ፣ ጎደለ፣ አነሰ ስንል የከረምን ሰዎች፣ በጨዋታው ውስጥ የነበረውን እውነተኛ ጥፋት አንዳችንም አላነሣነውም ነበር። ነባር ተጫዋች ስለሆንን አጋዥ የተባለውን እንደ ቅመም ቆጥረን አልፈነዋል፤ እኔ ራሴ በደርዘን የሚቆጠሩትን በዚያ መንገድ ሰድጄ አንዱንም አላስታውስም። በዋናው ጨዋታም ፖኬሞንን መልቀቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ለማደግ ብለህ ልቀቅ የሚልህ የለም። እዚህ በምግቡ የተጠራው እንግዳ ራሱ ለሚቀጥለው ወጥ ግብዓት ይሆናል። ስለዚህ ልጅ የሚያስጀምር ሰው ቢያንስ ይህችን አንድ ገጽ አብሮት ያንብብ፤ የሚወዳቸውን ለይቶ ሥልጠናው ውስጥ እንዳያስገባቸው አስቀድሞ ይንገረው፤ አጋዥ ሆኖ የገባ እንደማይመለስም በግልጽ አማርኛ ይንገረው። እኔ ያልነገርሁት እንግሊዝኛውን እኔ ስለማነበው እሱም ያነበበው ስለመሰለኝ ነው።

የሂሳብ መምህሩ እኔን ያስገረመበት ነገርም በዚያ ሰሞን ሆነ። ልጁን ሊያጽናና እኛ ቤት መጥቶ ስልኩን ሲያገላብጥ የኃይል ድንጋዮቹ ጋ ደረሰ። እያንዳንዱ ፖኬሞን እያደገ ሲሄድ የሚከፈቱ ዘጠኝ ማስገቢያዎች አሉት፤ ጤና የሚጨምረውና ጥቃት የሚጨምረው ድንጋይ የየራሱ ቦታ አለው፤ መስመሩ ሲሞላ ደግሞ ጉርሻ ይመጣል። ወረቀት አስመጣና አንዱን ፖኬሞን በጥቃት ድንጋይ ብቻ ቢሞላው የሚያዋጣው መቼ እንደሆነ ሲያሰላ ሁለት ሰዓት ቆየ። ሲወጣ በሩ ላይ «አሁንም ጨዋታ አይደለም» አለኝ፤ ስሌቱን ግን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከትቶት ነበር።

እውነቱን ለመናገር እሱም ከሞላ ጎደል ልክ ነበር። ጳጉሜን ስንደርስ ልጁ አውቶ የሚለውን ቁልፍ አገኘውና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እራቱን ይበላ ጀመር። ፖኬሞኖቹ ይዋጋሉ፤ እሱ ያላምጣል። የኋለኞቹ የደሴቲቱ ክፍሎች ደግሞ ያንኑ ዘመቻ እየደጋገሙ ድንጋይ ከመሰብሰብ በቀር ሌላ መላ የላቸውም። ልጁ ከማየት በቀር ድርሻ ያጣ ቀን ጨዋታው አብቅቷል፤ በግድ ማስቀጠል አያስፈልግም። እኛ ወር ተኩል ያህል ተጫውተን ለእንቁጣጣሽ ተውነው፤ ያ ዕድሜ ለነጻ ጨዋታ ጥሩ ዕድሜ ነው።

ለ2011 ዓ.ም. ገና ከውጭ የመጣ ዘመድ ስዊቹን ከሌትስ ጎ ፒካቹ ጋር እስከ ጥምቀት አዋሰን። ጨዋታው ኅዳር 7 ቀን ሲወጣ ቡና ቤቱ እንደገና ተንጫጭቶ ነበር። ዱር ካለው ፖኬሞን ጋር መዋጋት ቀርቶ፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ ኳስ መወርወር ብቻ ሆነ፤ ፖኬሞን ዕቃ መያዙ ቀረ፤ ማራባት ቀረ፤ እንዲያውም ብሮክ ጂም በር ላይ የቆመው ሰው የውኃ ወይም የቅጠል ዓይነት ሳታሳየው አያስገባህም። ይህች የመጨረሻዋ በተለይ እኔን ነካችኝ። ካዛንቺስ ውስጥ ግማሽ ክረምት የጨረስሁበትን መቆለፊያ በር ላይ ቆሞ ቁልፍ የሚያድል ሰው አስቀመጡለት ማለት ነው። ሁለቱ የሌትስ ጎ እትሞች ተደምረው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠዋል፤ የሚያማርረውም የሚገዛውም አንድ ሰው ሳይሆን አይቀርም ብለን ሳቅን።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያው ውጊያ ሲመጣለት መቆጣጠሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ፒካቹ ቆሟል፤ ተቃራኒውም ቆሟል። ከቆየ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ለምን አይማታም?» አለኝ። እስክታዘው ይጠብቅሃል አልሁት። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር፤ ክዌስት አላስተማረውም ያልነው ነገር ይኸው ነበር፤ ቢሆንም ፖኬሞኖቹን በስማቸው ያውቃቸዋል፤ ሌላው አንድ ከሰዓት አልፈጀም። ከክዌስት ወደ ዋናው የሚያሻግር ሰው በዚህ ደቂቃ መቆጣጠሪያውን አይቀበለው፤ አጠገቡ ሆኖ ምቶቹን አንድ በአንድ ያንብብለት፣ መሸነፍም እንዳለ ይንገረው።

ልጁ ከብሮክ በር ላይ ሲመለስ ግን የሂሳብ መምህሩ ነበር የተጠራው። ከደብተሩ ጀርባ፣ ከድስቱ ሥዕሎች ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ቀስት እየሣለ ውኃ እሳትን፣ እሳት ቅጠልን፣ ቅጠል ውኃን፣ ውኃና ቅጠል ድንጋይን እያለ ጻፈለት። እናቴ ከኋላቸው ቆማ አየችውና «ውኃ እሳት ማጥፋቱን ማን አጣው፤ ቅጠል ውኃን በምኑ ያሸንፈዋል?» አለች። መምህሩ መልስ ሲያስብ ልጁ «ይጠጣዋል» አላት። ኦዲሽ የሚባል የቅጠል ዓይነት ያዘ፣ ገባ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ብሮክን አሸነፈ። እንደ እኔ ሰፈሩን አልዞረም፤ ደስታው ግን ከእኔ ያነሰ አልመሰለኝም፤ ለካ የእኔ ክረምት የረዘመው ጨዋታው ጥልቅ ስለነበረ ብቻ ሳይሆን የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረም ነው።

ሌትስ ጎ ላይ የተደጋገሙ ፖኬሞኖችን በጨዋታው ውስጥ ፖኬሞንን ወደሚያጠናው ፕሮፌሰር ኦክ መላክ ይቻላል፤ በምትኩ የሚያጠነክር ከረሜላ ይሰጣል። ያንን ገጽ ሳሳየው ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሣ።

«ጋሼ፣ ፕሮፌሰሩ ጋ የሚሄዱት ይመለሳሉ?»

«አይመለሱም።»

«እንግዲያው ይቆዩ።»

ለጥምቀት ማግስት ስዊቹን ስንመልስ ባለቤቱ ጨዋታው ውስጥ ያለውን የፖኬሞን ሣጥን ከፍቶ ሠላሳ ምናምን ፒጂ የሚባሉ ወፎች ሲያገኝ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የማይላኩ ናቸው አልሁት።